ያለ ፌስታል

«ላሟንስ የገደለቻት ሌላ ማንም አይደለም፤ ይቺው የኔ ቤት ሴትዮ ናት።»

መሪጌታ ይርዳው ይህን ያሉት ለነፍስ አባታቸው ለአባ ገብረ አምላክ ነው። ዓይናዲስ ደግሞ ከግድግዳው ወዲህ፣ ጓዳ ውስጥ፣ ለነገው ሰንበቴ ዳቦ የሚሆነውን ዱቄት ስትነፋ ሰማች። እስቲ ፍረዱ! ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ተኑሮ፣ የገዛ ሚስት በነፍስ አባት ፊት እንደ ገዳይ ስሟ ይነሳል? አባ ምን እንደመለሱ አልተሰማም፤ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ብቻ ነው የተሰማው። መሪጌታ ቢቆጡ እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ የተቆጣ ሰው ይበርድለታል። እሳቸው ግን ስለ ዘንድሮው ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ረጋ ብለው፣ «ቀይ ጨርቋ ከሆዷ ተገኘ እኮ፣ አባ» አሉና ወደ ሌላ ወሬ ተሻገሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የቤቱ አንዲት የወተት ላም፣ ዳለቻ፣ ሆዷ ተነፍቶ ሦስት ቀን ሳታመሰኳ ቆየችና ሞተች። በክት ናትና ሥጋዋ አይበላም፤ ቆዳዋ እንኳ ይትረፍ ተብሎ ሲገፈፍ የሰፈሩ ሰዎች ሆዷን ከፈቱት። የእንቅብ ያህል የፌስታል ጥቅል ወጣ፤ ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ቢጫው፣ አንዱ ከአንዱ ተጠላልፎ። መቶ ይሁን መቶ ሃምሳ ማን ይቆጥረዋል። ከዚያ ሁሉ መሃል አንዲት ነጭ ፌስታል፣ አፏ በቀይ የጨርቅ ቅዳጅ የታሰረች፣ ብቅ አለች። ጨው በቀይ ቅዳጅ የምትቋጥር ሴት በሰፈሩ አንዲት ናት፤ ይህን ደግሞ ውሃ ቀጂው ሁሉ ያውቃል። የቀረውን ማን ጣለው? ከተማው ሁሉ፣ ሰቆጣ ጣለው። ሰቆጣን ግን ማን ይወቅሳል፤ ሰቆጣ ስሙ ተጠርቶ ጓዳ ገብቶ አያለቅስም። ስሟ የተጠራው ዓይናዲስ ናት።

ዳለቻ አንዲት ጊደር ትታ ነው የሞተችው። ቦሬ ይሏታል፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ ክብድ ናት፣ በሰኔ ትወልዳለች። ለዚህ ቤት ወተት ማለት እንግዲህ ቦሬ ናት። ለዓይናዲስ ግን ከወተትም በላይ ነች። ቦሬ በደኅና ወልዳ ብትታለብ፣ ያ የቀይ ጨርቅ ወሬ በአንድ ዓመት ይረሳል፤ ቦሬም እንደ እናቷ ብትሞት፣ «የመሪጌታ ሚስት ሁለት ከብት ፈጀች» እየተባለ መቃብሯ ድረስ ይከተላታል። ስለዚህ ለኪዳነ ምሕረት ተሳለች። ፌስታል የሚባል ነገር ከእንግዲህ ደጄን አይረግጥም አለች። ዕድሜ ልኳን እያጠፈች ከማገሩ ሥር ስትሰካው የኖረችውን ፌስታል ሁሉ ጎትታ አወጣችና ከግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው፤ ድንጋይም ጫነችበት። ለመሪጌታ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም ማገሩ ባዶ መሆኑን አይተው አልጠየቁም። በዚያ ቤት ከጥምቀት ወዲህ የሚነገረው «እራት ደርሷል» እና «ይባርኩልኝ» ብቻ ነበር።

ሁዳዴ ተጋምሷል፤ የነገው ሰንበቴ ተራ ደግሞ የእነሱ ነው። ስልሳ ሰው ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል፣ የጾም ወጥ ይበላል። የመሪጌታ ቤት ሰንበቴ ጎደለ ከሚባል ሞት ይሻላል። ዓይናዲስ አባ እስኪወጡ ጠበቀችና የገበያ ዕቃዋን ሰበሰበች። ሁለት ስልቻ ለክኩና ለሽሮው። ለዘይቱ አማቷ እማሆይ ወለተ ገብርኤል ካረፉ ጀምሮ ሰባት ዓመት ከቆጡ ላይ የተሰቀለውን ቅል አወረደች፤ በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቀችው፣ በወይራም አጠነችው። ለሽንኩርቱ የሚሆን ግን ጠፋ። ዘንቢሉ ከታች ተቀዷል። ዓይኗን ብታንከራትት ከመቋሚያው አጠገብ ምስማር ላይ የመሪጌታ አኮፋዳ ተንጠልጥሏል፤ ቆሎ ተማሪ ሳሉ ከሰው ደጅ እየቆሙ የለመኑበት፣ ዛሬ ለክብር የተሰቀለ። ጥሩ ሰፊ ነው፣ ክዳንም አለው። አንጠልጥላው ወጣች።

የገበያው መንገድ በመናኸሪያው ጀርባ ያልፋል። በጋ ነውና ሣር የሚባል የለም፤ የከተማው ከብት ሁሉ እዚያ ነው የሚውለው፣ ከባጃጁ መሃል ለመሃል፣ ከቆሻሻው ክምር ላይ። ነፋሱ ሲነሳ ፌስታሉ ይነሳል፤ ከቁልቋሉ እሾህ፣ ከሆስፒታሉ አጥር፣ ከመብራት ሽቦው ላይ ይሰቀላል። ዓይናዲስ መጀመሪያ ሰሞን እያጎነበሰች ትለቅም ነበር። አንድ ቀን ሃምሳ ለቀመች፤ ማግስቱን ብትመጣ ቦታው እንደ ነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ አንገቷን ደፍታ ታልፋለች፤ የኔ ቤት ብቻ ይጽዳ እያለች።

የምሳው መደብር ከገበያው መግቢያ ላይ ነው። ምሳው ወጣት ነው፣ ምላሱ የተሳለ፣ ግን ክፉ አይደለም። ክኩንም ሽሮውንም በየኪሎው ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ደርድሮታል።

«በምን ላድርግልዎ፣ እትዬ?»

«በዚህች» አለች ስልቻዋን ዘርግታ።

ምሳው ስልቻውን አየ፣ እሷን አየ፣ ሳቁን ዋጠ። ቋጠሮውን ፈትቶ ክኩን ገለበጠላትና ባዶውን ፌስታል ወደ ኋላው ወረወረው። ሁለተኛውን ፈታ፣ ገለበጠ፣ ወረወረ። ሦስተኛው ላይ ዓይናዲስ እጁን ያዘችው። እሷ አልወስድም ያለችው ፌስታል በሷው ምክንያት መሬት ላይ ሊወድቅ ነው ለካ! ባዶዎቹን ስጠኝ አለችው። ስድስት ኪሎ ክክ፣ አራት ኪሎ ሽሮ ገዝታ አሥር ፌስታል በእጇ ጨብጣ ቆመች፤ ካልተሳለችው ሴት በምን ተሻለች?

«በሬዲዮ ተከልክሏል ሲሉ አልሰማህም?» አለችው።

«ሰምቻለሁ፣ እትዬ። ሬዲዮው በምን እንደምሸጥ ግን አልነገረኝም።»

ዘይቱን ከትልቁ ጀሪካን ወደ ቅሉ ሲቀዳላት ሦስት ሰዎች ቆመው ተመለከቱ። አንዷ፣ «ወይ ደግ ዘመን! እናቶቻችን እንዲህ ነበር የሚገዙት» አለችና የራሷን ሊትር ዘይት በፌስታል አስቋጥራ ሄደች። ሽንኩርት ተራ የደረሰው ግን ከዚህ የባሰ ነው። ኪሎው ሰባ ብር ነው አሉ፤ ስትከራከር፣ አኮፋዳው ክዳኑ ተከፍቶ በክንዷ እንደተንጠለጠለ፣ አንዲት ነጭ የለበሱ ባልቴት ጠጋ አሉና ግማሽ ዳቦ ጣል አደረጉበት። «ስለ ኪዳነ ምሕረት» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መሪጌታ ይህን ያህል ቸገራቸው እንዴ፣ ልጄ?» አሉ። ዓይናዲስ ፊቷ በርበሬ መሰለ። ልመና አይደለም ብትል በኪዳነ ምሕረት ስም የተሰጠ ይመለሳል? ዝም ብትል የመሪጌታ ሚስት በአኮፋዳ ለመነች ሊባል ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና ዳቦውን ሸፍና ሽንኩርቱን በላዩ አስጨመረች። ከሽንኩርት ሻጮቹ አንዷ ስትስቅ ሰማች። ወሬው ከሷ ቀድሞ ቤት እንደሚገባ ያኔውኑ አወቀችው።

ከቀትር በኋላ ግቢው ውስጥ ትልቁን ድስት ጥዳ ሽንኩርቱን ስታቁላላ ግን ልቧ ቀለል አለላት። እስቲ ይሁና! በቤቱ አንዲት አዲስ ፌስታል የለም፤ አሥሩን ባዶዎች ከድንጋዩ ሥር ጨምራቸዋለች። ሰው ከፈለገ ይችላል ማለት ነው። ይህን እያሰበች ሳለ የመሪጌታ ታላቅ እህት ደብሬ ልታግዛት መጣች። ደብሬ ቁጥብ ሴት ናት፤ ለዳለቻ ሞት ልታስተዛዝን የመጣች ቀን እንኳ ከበሩ ቆማ «ጨውሽን ከፍ አድርጊ» ብቻ ብላ ነው የሄደችው። ዛሬም ስለ ፌስታሉም ስለ አኮፋዳውም ምንም አላለች። ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ልጣ ጨረሰች፤ ሽሮው ከድስቱ ገብቶ መንተክተክ ጀመረ። ያን ጊዜ ዓይኗ ከጉልቻው አጠገብ ከተቀመጠው ቅል ላይ ዐረፈ። አነሳችው። አፉ ዙሪያ ያለውን የጠፍር ስፌት በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ይህን ከየት አወረድሽው?»

«ከቆጡ ነው፣ እታለም። የእማሆይ የዘይት ቅል አይደለም?»

«ይህን ጠፍር የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ሳልዳር። የእናቴ የቅቤ ቅል ነው።»

በቅበላ ዕለት የፍስክ ዕቃ ሁሉ ተለቅሞ ሲሰቀል ይህ ቀድሞውኑ ተሰቅሎ ነበርና ማንም አላስታወሰውም። «አጥቤዋለሁ እኮ፣ እታለም። በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ፣ በወይራም አጥኜው…»

«ቅል ቅቤ ይጠጣል። መቶ ጊዜ ብታጥቢው ሙቀት ሲያገኝ ይመልሰዋል።» ደብሬ ወደ ድስቱ ጎንበስ ብላ አሸተተችና ቀና አለች። ዓይናዲስም አሸተተች። ከነገሯት በኋላ እሷንም ሸተታት፤ ጭስ ጭስ ካለው ሥር የቆየ ቅቤ አለ። የስልሳ ሰው ወጥ፣ በሁዳዴ፣ በመሪጌታ ቤት! ደብሬ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፤ እጇን በአመድ አሸታ ታጠበች። «በፌስታል ብታመጪው ኖሮ» አለች በመጨረሻ፣ «ፌስታል ምን አለው? ጾምም ፍስክም አያውቅም።» ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ድስቱን መሃል አድርገው ተቀመጡ፤ እሳቱን ግን የቀነሰው ማንም አልነበረም።

መሪጌታ የመጡት ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። ቦሬን ከፊታቸው ይነዳሉ፤ ከኋላቸው የፃግብጂ ገበሬ፣ ተስፋው የሚባል፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቁት ሰው ተከትሏቸዋል። በቀኝ እጃቸው ልጋግ የነከረው ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። ከድንጋዩ አጠገብ ጣሉት።

«ከመናኸሪያው ጀርባ ደረስኩባት። ከጉሮሮዋ ነው የመዘዝኩት» አሉ ለደብሬ ይሁን ለዓይናዲስ ሳይለይ። አክለውም፣ «ለተስፋው ሸጥኳት» አሉ።

ዓይናዲስ ማማሰያውን አስቀመጠች። «አንቱ፣ ሦስት ወር ብቻ ይታገሱኝ። እኔ አስሬ እቀልባታለሁ። ከደጅ አትወጣም።»

«በምን ትቀልቢያታለሽ? የገለባው ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ።»

«በዚህ ቤት ፌስታል የለም። ለኪዳነ ምሕረት ተስያለሁ። ዛሬ እንኳ ይኸው…»

«አንድ እንጨት አይነድም፣ ዓይናዲስ። ሰቆጣን ሙሉ ለብቻሽ ልትለቅሚ ነው?» መሪጌታ ይህን ያሉት በርኅራኄ ነው፤ ያን ያህል ለስልሶ የተነገራት ነገር ከጥምቀት ወዲህ አልነበረም። ለዚህም ነው የባሰ የከፋት። እውነታቸውን ነው። ደብሬ በዚህ መሃል የቅሉን ነገር በሁለት ቃል ነገረቻቸው፤ የአኮፋዳውን ግን ሰምተውት ኖሯል። መሪጌታ ድስቱን አዩ። እንግዳው አንገቱን ደፋ። «ለውሻ ይደፋ» አሉ። «እኔ ሄጄ ሌላ አስመጣለሁ። ታስሮ፣ ታሽጎ ይምጣ፤ ነውሩ ይበቃናል።» አኮፋዳውን አነሱ፣ ሽንኩርቱንና ዳቦውን ከሰፌድ ላይ ዘርግፈው ወደ ምስማሩ ሊመልሱት ገቡ።

ዓይናዲስ ተከትላቸው ገባች። ከበሮው፣ መቋሚያው፣ የዓመቱ ካላንደር፣ ባዶው ማገር። ሰው በሌለበት ልትናገረው ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን አንድ ብቻ ነው።

«ጠዋት ለአባ የነገሯቸውን ሰምቻለሁ።»

መሪጌታ እጃቸው ከምስማሩ ላይ ዘገየ። ዞረው አላዩዋትም። ውጭ ቦሬ በእግሯ መሬቱን ስትመታ ይሰማል፤ ደብሬ ድስቱን ከጉልቻው ስታወርድ ይሰማል። «ጨርቁ ያንቺ አልነበረም?» አሉ።

«ነበር።»

«እንግዲህ» አሉና ወጡ።

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? የቀረው መቶ ፌስታል የማን ነበር ብላ ልትጠይቃቸው ትችል ነበር፤ ከመቶው ስንቱ ካህናት ዘንቢል ስለጠፋባቸው ሻማና ዕጣን የቋጠሩበት እንደነበር ልትነግራቸው ትችል ነበር። ግን ከሆድ የወጣው ቀይ ጨርቅ ነው፤ ሌላው ፌስታል ስም የለውም። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቦሬን ልትሰናበት ወጣች። ከብት ከቤት ሲወጣ ረድኤቱ እንዳይከተለው እንደ ወጉ ከጭራዋ ፀጉር ቆረጥ አድርጋ በመቀነቷ ቋጠረች፤ ግንባሯን ዳበሰችላት፤ «ርቢ፣ ለሰው ቤት ሁኚ» አለቻት። ተስፋው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ አንድ ነገር ብሎ ገመዱን ሳብ ሲያደርግ ቦሬ እሺ ብላ ተከተለችው። አንድ ነገር ግን ከውስጧ ደስ አሰኛት፣ ደስታ ከተባለ። ፃግብጂ ገጠር ነው። መናኸሪያ የለ፣ ሱቅ የለ። እኔ ዘንድ ባትታለብም ትኑርልኝ አለች በልቧ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ የፈራችው ላይደርስ ነው ማለት ነው፣ ከሌላ ሰው በረት ቢሆንም።

ተስፋው ከአጥሩ ውጭ ጥሎት የገባውን በትር አነሳና በትከሻው አደረገ። ከበትሩ ጫፍ የገበያ ዕቃው ተንጠልጥሏል፤ አምስት ፌስታል፣ ስኳሩ፣ በርበሬው፣ ባትሪ ድንጋዩ፣ የልጆቹ ብስኩት፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ጨው። የጨዉ ፌስታል ተቀዷል መሰል ከሥሩ ነጭ ነጭ ይላል። ቦሬ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ምላሷን ዘረጋችና ላሰችው።

«ተስፋው! ወንድሜ፣ ቁም እስቲ!» ዓይናዲስ ሮጣ ደረሰችበት። «ይህን ፌስታል ከአፏ አርቀው። ቤትህም ስትገባ ደጅ እንዳትጥሉት። እናቷን የገደላት እሱ ነው፤ ጨው ጨው ስለሚል ነው የሚበሉት።»

ተስፋው ጨዋ ሰው ነው፤ በትሩን አውርዶ አዳመጣት። እንደ ሽንኩርት ሻጯ አልሳቀም። «እውነትዎን ነው፣ እትዬ። እኛ ዘንድም አምና የጎረቤቴ ፍየል በዚሁ ሞታለች» አለ። «ከዚሁ ገበያ ይዘን ከምንገባው በቀር እኮ ሌላ ፌስታል አገራችን የለም።» አምስቱን ፌስታል አየ፣ የመንገዱን ርዝመት አሰበ፣ ከዚያ የምትለውን ሊያደርግ ቆርጦ፣ ከልቡ ጠየቃት።

«በምን ልያዘው ታዲያ?»

ዓይናዲስ ወደ ቤቷ ዞረች። ስልቾቹ ለሰንበቴው የተገዛውን ክክና የተረፈውን ሽሮ ይዘዋል። አኮፋዳው ምስማሩ ላይ ነው፤ ከእንግዲህ ማንም አያወርደውም። ባዶ ሆኖ የተቀመጠ አንድ ቅል አለ፤ እሱም የፍስክ ነው፤ ተስፋውም ልጆቹም ጾመኞች ናቸው። ሰውየው መልስ እየጠበቀ ነው። ቦሬም ቆማ ጨዉን ትልሳለች።

«ሂድ እንግዲህ» አለችው፣ «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሳይመሽባችሁ።»

ተስፋው እጅ ነሳ። ቃሏን ለማክበር ያህል በትሩን ቦሬ ካለችበት ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዛወረና መንገዱን ጀመረ። ጥቂት እንደሄዱ ቦሬ በኋላው ዞራ በግራው በኩል ሆነች።